የነሃሴ እሸት

ወንበሩን የሰጠኝ ዶክተር ኅሩይ ነው። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እኔም አንተ እለዋለሁ፤ ወረቀቱ የራሴ ነው።

ማኅበራችን ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ባዶ ሱቅ ለአንድ ወር ተከራየና፣ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች የተጻጻፉትን ደብዳቤና ስለነሱ የተሳለውን ሥዕል ለሕዝብ ሊያሳይ ተነሣ። ሰዉ ከየሻንጣው ሥር ያለውን አወጣ። አንዱ የአጎቱን ማኅተም፣ አንዷ ጥይት የበሳውን ዳዊት። ዶክተር ኅሩይ ሊቀመንበር ነውና ከሁሉ የሚበልጠውን አመጣ፤ አያቱ ፊታውራሪ ጸጋዬ ጣሊያንን ሲወጉ የሚያሳይ፣ በአቡጀዲ ላይ የተሳለ፣ ግድግዳ የሚያክል ሥዕል። ከዚያ ስልክ ደወለልኝ። ተፈሪ፣ አንተ ሪታየር አድርገሃል፣ ቀን ቀን ቁጭ ብለህ ትጠብቅልናለህ አለኝ። እሺ አልኩ። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠብቅ ሲሉኝ እግሬ ራሱ ይቆማል።

ከዶክተሩ ጋር ያለንን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከሠላሳ ዓመት በፊት የማኅበሩን የስብሰባ ማስታወቂያ በእጄ ጽፌ የሱቆቹ መስታወት ላይ ለጠፍኩ። ስሙን «ሁሩይ» ብዬ ጻፍኩት። እሱ ወረቀቱን ገንጥሎ አመጣና መቶ ሰው ፊት ከፍ አድርጎ ያዘው። የእኔ ስም በብዙኃኑ ኀ ነው፣ ይሄ ሰው በሃሌታው ሀ ጻፈኝ፣ ሦስት ፊደል ውስጥ አንድ ስህተት፣ ሠላሳ ሦስት ፐርሰንት አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ሃሌታው» ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ ሃሌታው መጣ ይላሉ። አማርኛ ሦስት ሀ እንዳለው የማላውቅ መስሏቸው። አውቃለሁ። የማላውቀው የትኛው የት እንደሚገባ ነው። እሱን የሚያስተምሩት አራተኛ ክፍል ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍልን አልጨረስኩም።

ለምን እንዳልጨረስኩ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልናገርም ነበር። የባንዳ ልጅ ስለሚሉኝ ነው። አባቴ ዳኛቸው በጣሊያን ጊዜ የጣሊያንን ስንቅ በበቅሎ ያመላልስ ነበር። ይሄ ውሸት አይደለም፣ አገር ያየው ነው። አገሩ ነፃ ከወጣ በኋላ በየመንገዱ ሲሰድቡት መልስ አይሰጥም፤ በቅሎዋን ቀደም ያደርጋትና ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ሞተ። ለቀብሩ የመጣው ሰው ቃሬዛ ለመሸከም አልበቃም፤ አንዱን ጫፍ እናቴ ያዘች። አሜሪካ ስገባ ያንን ሁሉ እዚያው የተውኩት መስሎኝ ነበር።

ጁን ላይ የሎስ አንጀለስ ጠዋት ጉም ነው። ከውቅያኖሱ ይነሣና እስከ ቀትር ፌርፋክስን ያለብሰዋል። የሱቆቹ ባንዲራ ቀለሙ ይጠፋል፣ መኪናው ድምፅ ብቻ ይሆናል። እኔ መስታወቱን ጀርባዬ አድርጌ ሥዕሉ ፊት እቀመጣለሁ። ሽማግሌ ሰው ጠዋት ብቻውን ሲቀመጥ ተኝቷል አይባልም፣ ነቅቷልም አይባልም። ሥዕሉ ይነቃነቅ ነበር። ፈረሶቹ እግር ይቀያይራሉ። ሠዓሊው እንደ ባዘቶ አድርጎ የሣለው የጥይት ጢስ ከጨርቁ እየወጣ ከውጭው ጉም ጋር ይገናኛል፤ እኔ መካከሉ ላይ ነኝ።

ረፋዱ ላይ አይዳ ትመጣለች። አይዳ ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጎዳ ሥዕል የምታክም ልጅ ናት፤ ልጅ ልበላት እንጂ አርባ ሊሞላት ነው። እዚሁ ተወልዳ ነው ያደገችው። ጋሼ ተፈሪ፣ ደህና ነህ ትለኛለች። የሷ አንተ አይቆረቁረኝም፤ ጳጳስም ብታገኝ አንተ ነው የምትለው። ሥራዋን ሳይ ግን ገረመኝ። እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ትጠቀልልና ምላሷ ላይ አርጥባ ሥዕሉን ቀስ እያለች ትጠርገዋለች። በምራቅ ነው እንዴ የምትሠሪው ብላት፣ ከኬሚካል ይሻላል፣ ሙዚየምም የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው አለችኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እትፍ እትፍ ይላል። ያ ጥቀርሻ የለበሰ ጨርቅ ሲመረቅ ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ ፊታውራሪው ወጡ፤ ነጭ ፈረስ ላይ፣ ድንች የሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች ይዘው። የድሮ ሠዓሊ ደግ ሰውን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉን ሰው በጎኑ አዙሮ ባንድ ዓይኑ ነው የሚሥለው። አርበኛው ሁሉ ሁለት ዓይን ነበረው፣ ጣሊያኑ ሁሉ አንድ። በሦስተኛው ቀን አይዳ ወደ ታችኛው ግራ ማዕዘን ደረሰች። አንድ ሰው በጎኑ ታየ። ባለ አንድ ዓይን ነው። በቅሎ ይጎትታል። በቅሎዋ ላይ ጆንያ አለ፣ ጆንያው ቀዳዳ አለው፣ ከቀዳዳው ቢጫ ፍሬ ይንጠባጠባል። ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ፍሬው እያንዳንዱ ምንቃር አለው። ሽንብራ ነው አልኳት። ከዚያ የበቅሎዋን ግራ ጆሮ አየሁ። ግማሽ ነው።

እናቴ ስለዚያች በቅሎ አውርታኝ አታበቃም ነበር። ጅብ ግማሽ ጆሮዋን ስለወሰደባት ስሟ ቆራጣ ነው።

አይዳ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጠረገችውና እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እንደ ሕፃን አንድ አንድ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ፦ «ባንዳው ዳኛቸው የጣሊያንን ስንቅ ሲጭን።» ዓለሙን ሁሉ ዞሮ አባቴ እዚህ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ፌርፋክስ ላይ።

በቀትር ዶክተሩ መጣ። ቅዳሜ በሩ ሲከፈት በየሥዕሉ ጎን የሚለጠፈውን ማብራሪያ ይዞ ነበር። ስለዚያ ማዕዘን የተጻፈው በትልቁ «ባንዳው ዳኛቸው» ይላል፤ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም። አባቴ ነው፣ ያቺን ቃል አውጡልኝ ብዬ ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት። ከፈገግታው በፊት መነጽሩን አስተካከለ። ስንት ዳኛቸው አለ አገሩ ላይ አለኝ። ስለ በቅሎዋ ጆሮ ነገርኩት።

«ይሁና» አለ፤ «ታዲያ አባትህ ከሆነ ሥዕሉ ያለውን ነው የምንለው። ሂስትሪ በስሜት አይሠራም፣ ተፈሪ። ዶክመንት አለህ?»

«እናቴ ባንዳ አልነበረም ብላኛለች።»

«እናትህማ ምን ትበል። ዶክመንት ነው ያልኩህ። ጽሑፍ።»

ጽሑፍ ሲል እጄ ወደ አንገቴ ሄደ።

አንገቴ ላይ ክታብ አለ። በቆዳ የተሰፋ፣ አውራ ጣት የሚያክል፣ በላቤ የጠቆረ። ከእናቴ አንገት ወደ እኔ አንገት የዞረው ከአገር ስወጣ ነው። ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ማሽን ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ አውልቅ ብለውኝ፣ አላወልቅም ብዬ ማሽኑን ትቼ ወጥቻለሁ። ክታብ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ኃይሉ ይሄዳል። ማንም የሚያውቀው ነው። እናቴ ስታስርልኝ፣ አባትህን ሲሰድቡብህ ይሄን ያዝ፣ ምስክርህ ነው አለችኝ። መልአክ መሰለኝ። ውስጡ የመልአክ ስም ያለበት መስሎኝ አርባ ዓመት ይዤው ዞርኩ። አሁን ግን ምስክር የሚለው ቃል ተገልብጦ ሌላ ፊት አሳየኝ።

ማታው እንዴት እንዳለፈ አላወራም። በማግስቱ ጠዋት ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ጉሙ መስታወቱን ተደግፎ ነበር። አባቴ ከኦሊምፒክ መንገድ በኩል በእግሩ መጣ። ቆራጣን ይጎትታል። በጎኑ ነው የማየው። በፊቱ ልዞር ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ፤ አሁንም በጎኑ። ሮጬ ቀደምኩት፤ አሁንም በጎኑ፣ ያ አንዱ ዓይኑ ወደፊት ብቻ ያያል። ጆንያው ያፈስሳል። ሽንብራው አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ግን የእህል ድምፅ አልነበረውም። ቅጭል ይላል። እንደ ሳንቲም፣ እንደ ቁልፍ። ብረት ነው። አባባ ጆንያው ፈሰሰ አልኩት። እጁን ወደ ከንፈሩ አደረገ፤ ዝም በል እንደማለት። ስነቃ አይዳ ትከሻዬን ይዛ ነበር።

ክታቡን አውጥቼ ክፈችልኝ አልኳት። አልተንተባተብኩም፣ ግን ፈርቼ ነበር። ውስጡ የመልአክ ስም ብቻ ከሆነ አባቴም ባንዳ እንደሆነ ይቀራል፣ እኔም ጠባቂዬን አጣለሁ። አይዳ ትንሽ ምላጭ አወጣች። ጋሼ፣ ዳሜጅ አላደርገውም፣ ፕሮሚስ አለችኝ። ስፌቱን ክር በክር በጠሰችው፣ ልክ የሕፃን ቁስል እንደሚፈቱት። ስምንት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። በሁለት መስታወት መካከል ዘረጋችው። ጅማት የሚመስል የጥድፊያ ጽሕፈት ነው፤ እኔ ላነበው አልቻልኩም፣ እሷም አልቻለችም። የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በሰዓቱ መጣ።

ዶክተር ኅሩይ መነጽሩን ቀይሮ ጎንበስ አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦

«ይድረስ ለዳኛቸው። እንዴት ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክኸው ሦስት ጆንያ የሽንብራ እሸት ደርሶኛል። ልጆቹ ሁሉ በሉት፣ ጠገቡ። ሰው ሲሰድብህ ዝም በል። ቀን ሲወጣ አፌን የምከፍትልህ እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት አቃጥል።»

ስም የለውም፣ ማኅተም የለውም። ዶክተሩ ቀና አለ። ድምፁ የደግነት ነበር፣ እሱ ነው ያናደደኝ። አዝናለሁ ተፈሪ፣ የእህል ደብዳቤ ነው፣ አንድ ባላገር ለነጋዴ የጻፈው አለኝ። አንገቴ ቀዘቀዘኝ። አርባ ዓመት ቆዳ የነበረበት ቦታ ባዶውን ሆኖ ተሰማኝ። አይዳ ወደ እኔ ለማየት አልደፈረችም።

መቼ ነው የተጻፈው? ቀኑን አላነበቡልኝም አልኩት።

«ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት። በጦርነቱ መካከል። ሰውም እህል ይበላል እኮ፣ ተፈሪ።»

ነሐሴ። ሳቅ መጣብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አልሳቅኩም። ዶክተር ኅሩይ አዲስ አበባ ያደገ የትልቅ ሰው ልጅ ነው፤ ሽንብራን የሚያውቀው ሽሮ ሆኖ ነው።

«ዶክተር፣ ሽንብራ መቼ እንደሚዘራ ያውቃሉ?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ።

ነገርኩት። ሽንብራ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ጥቁሩ አፈር ውኃውን ጠጥቶ ሲጠግብ ነው የሚዘራው። እሸቱ የሚበላው ለገና፣ ለጥምቀት ነው። ልጅ ሆኜ ከሰው ማሳ እየነቀልኩ ስንት ጊዜ ተገርፌበታለሁ። በነሐሴ በዚያ አገር የሽንብራ እሸት የለም፤ ቅጠሉም የለም፤ ገና ዘሩ ጎተራ ነው። ያ ደብዳቤ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ ጣሊያን ቢያስነብበው፣ እህል ነው ብሎ ይለቀዋል። ገበሬ ቢያነበው ግን ይስቃል። ሦስት ጆንያ እሸት የበሉት ልጆች ምን እንደበሉ ይገባዋል። ምንቃር ያለው ነገር ነው። ሲወድቅ ቅጭል የሚል።

«ግምት ነው» አለ ዶክተሩ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው። «ጸሐፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም።»

እኔ ያን ጊዜ ተነሣሁ። ለአንድ ሳምንት ጠባቂ ሆኜ የተቀመጥኩበት ወንበር አንድ ነገር አስተምሮኝ ነበር። ከሥዕሉ አጠገብ መስታወት ሣጥን ውስጥ ፊታውራሪ ጸጋዬ በገዛ እጃቸው ለሌላ አርበኛ የጻፉት ደብዳቤ አለ። ዶክተሩ ከሥሩ ንባቡን በማሽን አስጽፎ ለጥፏል፦ «በነሐሴ ጥይት አልቆብን ሳለ አገኘን፤ ከየት አገኛችሁ ብለህ አትጠይቀኝ።» እኔ ጽሕፈቱን ማንበብ አልችልም። ፊደል ግን መቁጠር እችላለሁ። ንባቡን ከደብዳቤው ጋር ፊደል በፊደል ሳስተያይ ነበር የምውለው፤ ሀ የሆነ ነገር ሁሉ ዓይኔ ይጠልፈዋል፣ እንደ ቁስል። ማሽኑ ላይ ነሐሴ በሐመሩ ሐ ነው። ፊታውራሪው ግን በሃሌታው ነው የጻፉት። ነሃሴ። የፊደሉም እግር ረዥም፣ ወደ ግራ የሚንሻፈፍ። ዶክተሩ የአያቱን ስህተት ለሕዝብ ሲያቀርብ ማንም ሳያየው አርሞላቸው ነበር።

«ይምጡ እዚህ» አልኩት።

አይዳ የእኔን ወረቀት በሁለቱ መስታወት መካከል እንዳለ ተሸክማ መጣችና ከሣጥኑ ጎን ያዘችው። ሁለቱን ነሃሴዎች አየ። አንድ እጅ ናቸው። አንድ ስህተት፣ አንድ የተንሻፈፈ እግር።

«ሦስት ፊደል ውስጥ አንድ ስህተት» አልኩት። «ስንት ፐርሰንት ነው ብለውኝ ነበር?»

ወንበሬ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ሽማግሌ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ጉልበቱን ይዞ ነው የተቀመጠው። አያቴ ከነፃነት በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ኖረዋል አለ። ሥዕሉን ያሣሉት ራሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሆኖ ከሥሩ ቁጭ ብሎ የጦርነቱን ወሬ ከአፋቸው ሰምቷል። ስለ ሽንብራ ግን አንድ ቀን አላነሱም። እኔ ምን ልበል። ጥይቱን ያመጣው አንድ ባለ በቅሎ ነው ካሉ ነጭ ፈረሱ ትንሽ ያጥራል። ይሄንን አልተናገርኩም። ፊቱ ላይ ራሱ ሲናገረው አየሁ። ተነሥቶ ወጣ፤ ማብራሪያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ረሳቸው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አልመጣም። ያችን «ባንዳው» የምትለውን ወረቀት አንስቼ ልቀድዳት አሰብኩ። አልቀደድኳትም። እኔ ብቀድዳት የእኔ ቃል ነው፤ የእኔን ቃል ደግሞ ማን ይሰማል። አፌን የምከፍትልህ እኔ ነኝ ያለው የሱ ቤት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስከፍት ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ደነገጥኩ፤ ይዞት የሄደ መሰለኝ። ቀና ስል አዳራሹ መካከል፣ ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ታጠበ ሸማ በጉሙ ብርሃን ውስጥ ይወዛወዛል። አይዳ መሰላል ላይ ነበረች። ዶክተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ አድሮ ኮል አደረገልኝ፣ ሰው በሁለቱም በኩል ይየው፣ ዞሮ ይሂድ አለኝ አለች። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ባንዳው የምትለዋም ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ የለችም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሃሌታው መጣ የሚሉኝ ሁሉ ነበሩ፣ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ። ዶክተር ኅሩይ ፊት ወጣ። ሰላምታ አልሰጠም፣ እንግዳ አላመሰገነም። ወረቀቱን በመስታወቱ እንዳለ ያዘና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ሽንብራ በነሐሴ እንደማይኖርም ተናገረ፣ ከማን እንደሰማውም ተናገረ። ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ዞረ።

«ይህ ሰው የአያቴን ጦር ጥይት ያበላ የውስጥ አርበኛ ነው» አለ። «ዳኛቸው ይባላል። የጋሼ ተፈሪ አባት ናቸው። አያቴ አፌን እከፍታለሁ ብለው አልከፈቱም።»

ጋሼ አለኝ። ሰምቻለሁ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ የእናቴ ትከሻ ቃሬዛው ሥር የነበረበት ቀን ትዝ አለኝ እንጂ ሌላ አልመጣብኝም። ሰው ሊያቅፈኝ ወደ እኔ ሲዞር እኔ እዚያ አልነበርኩም። ከሥዕሉ ጀርባ ሄጄ ነበር።

አቡጀዲ ስስ ነው። ቀለሙ በየቦታው ወደ ኋላ ሰርጎ ወጥቷል፤ ከጀርባ ሲታይ ፊታውራሪ የለም፣ ፈረስ የለም፣ ፊት የሌለው እድፍ ብቻ ነው። ያን ቀን ቀትር አልፎም የቆየው ጉም ያን ጊዜ ከፌርፋክስ ላይ ተነሣ። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጨርቁን ከፊት በኩል መታችው። ማዕዘኑ ላይ አንድ ጥላ ተነሣ፤ በቅሎ የሚጎትት ሰው፣ አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚሄድ። ሠዓሊው ዓይኑን ሲያጠቁር ብሩሹን ከሌላው ሁሉ አብዝቶ ተጭኖ ይሆናል፤ ጥቁሩ ጠብታ ዘልቆ ወጥቷል። ሆነ ብሎ ነው፣ አይደለም፣ አልምልም።

መልሼ ያሰርኩትን ባዶ የክታብ ቆዳ አንገቴ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። ከወዲያ በኩል ሰዎች ስሙን ይጠሩታል። ከወዲህ በኩል አባቴ በሁለተኛው ዓይኑ ያየኝ ነበር።